ሳጥኑን ከመሙላታችን በፊት፦ ስለ 2030ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በአሜሪካ ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ ማኅበራት የቦርድ አባላት፣ ለየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤያትና ለመስጊድ ኮሚቴዎች፣ እንዲሁም በቅዳሜና በእሑድ ልጆቻችንን አማርኛ ለሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች

ጉዳዩ፦ በ2030 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ ለሚቀርበው የዘርና የትውልድ ጥያቄ ከወዲሁ እንድንዘጋጅ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

ማርች 28 ቀን 2024 (በዚህ ደብዳቤ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ መንግሥት የአስተዳደርና በጀት ጽሕፈት ቤት፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሰውን ዘርና ትውልድ የሚመዘግቡበትን መመሪያ አሻሽሎ አወጣ። መመሪያው መጀመሪያ የወጣው በ1977 ሲሆን፣ በ1997 አንድ ጊዜ ተሻሽሎ ነበር። በአዲሱ መሠረት ቀድሞ ለየብቻ ይጠየቁ የነበሩት የዘር ጥያቄና የሂስፓኒክ (ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የመጣ ትውልድ) ጥያቄ ወደ አንድ ይጠቃለላሉ፤ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለሰሜን አፍሪካ ተወላጆች ራሱን የቻለ ሳጥን ይከፈታል፤ «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» በሚለው ርእስ ሥር ደግሞ ስድስት ስሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሳጥን ይዘው ይሰለፋሉ፦ አፍሪካ አሜሪካዊ፣ ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ ሶማሊያዊ። በ2020 ቆጠራ ስማችን በቅጹ ላይ የታተመው በባዶው መስመር ምን መጻፍ እንደሚቻል ለማሳየት፣ በምሳሌነት ብቻ ነበር።

ዜናው ሲሰማ በየማኅበሩ ሁለት ዓይነት አስተያየት ተነሣ። አንዱ ስማችን በመንግሥት ቅጽ ላይ በመግባቱ የተደሰተ ሲሆን በአደባባይ ተነገረ፤ ሌላው «ለምን ከጥቁር ሥር ተደረግን?» የሚል ሲሆን በቡና ላይ፣ በመኪና ማቆሚያና በሠርግ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲንሾካሾክ ቆየ። እኔን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ጥያቄውን ያነሡትን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥያቄው መልስ አለው፣ መልሱም የሚገኘው በዚህች አገር ታሪክ ውስጥ ነው፣ እኛ ግን ለልጆቻችን ስንነግራቸው አልሰማሁም። ማን አሜሪካዊ ነው፣ ማንስ ሊሆን ይችላል የሚለው ክርክር እዚህ አገር ከ230 ዓመት በላይ የተካሄደው በአብዛኛው በቆጠራ ሠንጠረዥና በሕግ አንቀጽ ላይ ነው። ዛሬ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትልና በዳላስ ቤት ሠርተን የምንኖረውም ከዚያ ሠንጠረዥ ተቀንሰው የነበሩ ሰዎች ታግለው ሠንጠረዡን ስላስለወጡ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1790 ነው። በዚያ ዓመት ማርች ወር ኮንግረስ የመጀመሪያውን የዜግነት ሕግ ሲያወጣ ዜጋ መሆን የሚችለው «ነጻ ነጭ ሰው» ብቻ እንዲሆን ወሰነ፤ በኦገስት ደግሞ የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ ተጀመረ። ቆጣሪዎቹ ነጻ ነጭ ወንዶችን በሁለት የዕድሜ ክፍል፣ ነጻ ነጭ ሴቶችን ባንድነት፣ «ሌሎች ነጻ ሰዎችን» እና ባሮችን ለየብቻ መዘገቡ። ሕገ መንግሥቱ ለምክር ቤት መቀመጫ ድልድል ባሪያው እንደ ሦስት አምስተኛ ሰው እንዲታሰብ ደንግጎ ስለነበር፣ ድምፅ የማይሰጡት ሰዎች ቁጥር የጌቶቻቸውን የምክር ቤት ድምፅ ያበዛ ነበር። በ1850 እና በ1860 ቆጠራዎች ባሮች የተመዘገቡበት የተለየ መዝገብ ዛሬም በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ገጹን ለተመለከተው ሰው በግራ በኩል የባለቤቱ ስም ተጽፎ፣ ከሥሩ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ጾታና ቀለም ብቻ ተደርድሮ ይታያል፤ የሰዎቹ ስም ግን፣ ከጥቂት ቦታ በቀር፣ የለም። ሠላሳ አራት ዓመት፣ ሴት፣ ጥቁር። ስምንት ዓመት፣ ወንድ፣ ክልስ። የቤተሰባቸውን ሐረግ ወደ ኋላ የሚቆጥሩ ጥቁር አሜሪካውያን ብዙ ጊዜ የሚቆሙት እዚህ ገጽ ላይ ሲደርሱ ነው። እኛ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የለመድን ሰዎች ይህን ገጽ አንድ ጊዜ ልናየው ይገባል ባይ ነኝ።

ነጭ የሚለው መስመር ራሱም ጸንቶ የቆመ አልነበረም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1751 በጻፈው ጽሑፍ በፔንሲልቬንያ የሰፈሩት ጀርመኖች እንግሊዛዊውን ወደ ራሳቸው ይለውጡታል ብሎ ይሰጋ ነበር፤ ከሳክሶኖቹ በቀር ጀርመኖቹንም ከጠይሞቹ ወገን መድቧቸው ነበር። በ1850ዎቹ የአየርላንድ ካቶሊኮችን ለመቃወም አንድ ሙሉ የፖለቲካ ፓርቲ ተቋቋመ። በ1891 በኒው ኦርሊንስ አሥራ አንድ ጣሊያኖች በሕዝብ እጅ ተገደሉ። ከ1907 እስከ 1911 የሠራው የኮንግረስ የስደተኞች ጉዳይ አጥኚ ቡድን፣ የዲሊንግሃም ኮሚሽን፣ ባሳተማቸው አርባ አንድ ቅጾች መካከል አንዱ የዘሮችና የሕዝቦች መዝገበ ቃላት ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ የሰሜንና የደቡብ ጣሊያን ሰዎች እንደ ሁለት የተለያዩ ዘሮች ተቆጥረዋል። የእነዚያ ሁሉ የልጅ ልጆች ዛሬ ባንድ ሳጥን ውስጥ ያለ ጭቅጭቅ ይገኛሉ። መስመሩ ለእነሱ እየሰፋ ሲሄድ ለሌሎች ግን አልሰፋም።

ፍርድ ቤቶች ነጭ ማን እንደሆነ ለመወሰን የደከሙት ድካም ከምንም በላይ ያስገርማል። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1870፣ ሴናተር ቻርልስ ሰምነር «ነጭ» የሚለውን ቃል ከዜግነት ሕጉ ጨርሶ ለማስወጣት ቢሞክርም ሳይሳካለት ቀረ፤ ኮንግረስ በምትኩ «አፍሪካ የተወለዱና የአፍሪካ ዘር ያላቸው» ሰዎች ዜግነት እንዲያገኙ ብቻ ፈቀደ። በዚህም የተነሣ ለሰማንያ ዓመት ያህል አንድ ስደተኛ የአሜሪካ ዜግነት ለመጠየቅ በመሠረቱ ወይ ነጭ ወይ አፍሪካዊ መሆኑን ማስረዳት ነበረበት። በ1915 አንድ የሶርያ ተወላጅ ከብዙ ክርክር በኋላ ነጭ ነው ተብሎ ተፈረደለት። በኖቬምበር 1922 ለሃያ ዓመት አሜሪካ የኖረውና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ጃፓናዊው ታካኦ ኦዛዋ፣ ቆዳዬ ከብዙ ነጮች ይልቅ ነጭ ነው ብሎ ቢከራከር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጭ ማለት የቆዳ ቀለም ሳይሆን ካውኬዥያን (የዚያ ዘመን ሊቃውንት በዘር ምደባቸው ለነጮች ያወጡት ስም) ማለት ነው ብሎ መለሰው። ከሦስት ወር በኋላ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለው ሕንዳዊው ባጋት ሲንግ ቲንድ፣ እንግዲያው ሊቃውንቱ እኛን ካውኬዥያን ይሉናል ብሎ ሲቀርብ፣ ያው ፍርድ ቤት የሊቃውንት ምደባ ሳይሆን ተራው ሰው የሚያውቀው ነው የሚሠራው በማለት ከለከለው። በዚያ ዘመን አንድ ኢትዮጵያዊ ዜግነት ቢጠይቅ ሊያቀርበው የሚችለው የሕግ መሠረት የ1870ው አንቀጽ ነበር፤ ያ አንቀጽ ደግሞ የተገኘው ከባርነት ነጻ በወጡት ሰዎች ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ከየአገሩ በዓመት የሚገባውን ሰው በኮታ ወሰነ። መጀመሪያ ላይ ኮታው የተሰላው በ1890 ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ከነበሩት የዚያ አገር ተወላጆች ሁለት በመቶ ነበር። በእጅ የነበረውን የ1920 ቆጠራ ትቶ የሠላሳ አራት ዓመት አሮጌ ቆጠራ መምረጥ ያለምክንያት አልተደረገም፤ ጣሊያኖች፣ አይሁድ፣ ፖላንዶችና ግሪኮች በብዛት የገቡት ከ1890 በኋላ ስለነበረ ነው። ቀጥሎም ሕጉ ከዚህ የረቀቀ ስሌት አዘዘ፦ የአሜሪካ ሕዝብ በሙሉ ከየት ከየት አገር እንደመጣ ይጠና፣ ኮታውም በዚያ መጠን ይከፋፈል። ሥራው በቆጠራ ቢሮው ባለሙያ በጆሴፍ ሂል ለሚመራ ኮሚቴ ተሰጠ፤ ኮሚቴውም በ1790 መዝገብ ላይ ያሉትን የቤተሰብ ስሞች ጭምር እየመረመረ የአሜሪካን ሕዝብ ምንጭ አሰላ።

ይሁን እንጂ ሕጉ «የአሜሪካ ነዋሪዎች» የሚባሉት ሲቆጠሩ እንዲቀነሱ ያዘዛቸው ሰዎች ነበሩ። ከካናዳና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ከነልጆቻቸው ይቀነሱ፤ ዜግነት የማይፈቀድላቸው እስያውያን ከነልጆቻቸው ይቀነሱ፤ የአገሬው ነባር ሕዝቦች ይቀነሱ፤ «የባሪያ ስደተኞች ተወላጆችም» ይቀነሱ። ሕጉ ያኔ የተጠቀመበት አጠራር ይህ ነው። በ1920 ቆጠራ ከአገሪቱ 105 ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከአሥሩ አንዱ ማለት ነው። የብዙዎቹ ቅድመ አያቶች ከጣሊያኖቹና ከፖላንዶቹ ከመቶ ዓመት በፊት የመጡ ነበሩ። እነሱ ቢቆጠሩ ኖሮ አፍሪካ ከኮታው ከፍተኛ ድርሻ ታገኝ ነበር። ስለተቀነሱ ግን፣ ከ1929 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሠንጠረዥ፣ በጠቅላላው ወደ 154 ሺህ ከሚጠጋው ዓመታዊ ኮታ ታላቋ ብሪታንያና ሰሜን አየርላንድ 65,721 ሲያገኙ፣ ጣሊያን 5,802 ደረሳት፣ ኢትዮጵያ፣ ላይቤሪያና ግብፅ ደግሞ እያንዳንዳቸው ዝቅተኛውን ወለል፣ አንድ መቶ አገኙ።

ይህን ቁጥር ደጋግሜ ሳስበው እኖራለሁ። ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን በመንግሥታቱ ማኅበር ውስጥ ወንበር ያላት ነጻ አገር ነበረች፤ በአድዋ ድል የተከበረች ነበረች፤ ንጉሣዊ ታሪኳን የማያውቅ ዲፕሎማት አልነበረም። ይህ ሁሉ በኮታው ሠንጠረዥ ላይ አንድ ሰው እንኳ አልጨመረላትም። ለእኛ የተወሰነው ቁጥር የተወሰነው በጥቁር አሜሪካውያን ላይ በተደረገው ቅነሳ ነው፤ እኛ ራሳችንን ከእነሱ ለይተን ብናይም ባናይም ሠንጠረዡ አንድ ላይ አስቀምጦናል። ስማችን ራሱ በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ሕግ ውስጥ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ መጠሪያ ነበር፤ ለምሳሌ ነጭ ከሌላ ዘር ጋር እንዳይጋባ የሚከለክለው የኔቫዳ ሕግ እስከተሻረበት እስከ 1959 ድረስ «የኢትዮጵያ ወይም ጥቁር ዘር» ይል ነበር።

ቅነሳው የተነሣው በ1965 ነው። ቀኖቹን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ እንድታዩልኝ እለምናለሁ። በማርች ወር በአላባማ፣ በሴልማ ድልድይ ላይ የመምረጥ መብት የጠየቁ ሰልፈኞች በፖሊስ ዱላ ተደበደቡ። ኦገስት 6 ቀን ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የድምፅ መስጠት መብት ሕጉን ፈረሙ። ኦክቶበር 3 ቀን ደግሞ በኒው ዮርክ፣ በነጻነት ሐውልቱ ሥር፣ የ1924ቱን የትውልድ አገር ኮታ የሚሽረውን የኢሚግሬሽን ሕግ ፈረሙ። ሕጉን በታችኛው ምክር ቤት ያቀረቡት ኢማኑኤል ሴለር በ1924 ወጣት የምክር ቤት አባል ሳሉ የኮታውን ሕግ ተቃውመው የተናገሩ ሰው ናቸው፤ አርባ አንድ ዓመት ጠብቀው ሻሩት። በዘር ምክንያት ምግብ ቤት መግባት መከልከልን የሻረች አገር በዘር ምክንያት ድንበር መዝጋትን ይዛ መቀጠል አልቻለችም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችን እናውቀዋለን፦ በሱዳን መጠለያዎች የቆዩ ወገኖቻችን የገቡበት የ1980ው የስደተኞች ሕግ፣ በ1990 ተደንግጎ ከ1995 ጀምሮ በመደበኛነት የሠራው የዲቪ ሎተሪ፣ ቀጥሎም የቤተሰብ ማመልከቻ። በ2020 ቆጠራ ኢትዮጵያዊ ነኝ ብሎ የጻፈው ሰው ከ3 መቶ ሺህ በላይ ሆኗል። ከ1924ቱ አንድ መቶ ወደዚህ የደረስነው በብልሃታችን ብቻ ነው ብለን ለልጆቻችን ካወራን ግማሹን ደብቀናል።

አንዳንዶቻችን ይህን ዝምድና አዲስ የፖለቲካ ፋሽን አድርገን እንቆጥረዋለን። የቀደሙት ግን ያውቁት ነበር። በ1920ዎቹ ለትምህርት የመጡት ዶክተር መላኩ በያን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው፣ ጥቁር አሜሪካዊት ሚስት አግብተው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በንጉሠ ነገሥቱ ተልከው ተመልሰው፣ በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን በኒው ዮርክ መሠረቱ። ለኢትዮጵያ ገንዘብ ለማሰባሰብ በመጀመሪያ የዞሩት በኒው ዮርክ ወዳለው የጥቁር አሜሪካውያን ሠፈር፣ ወደ ሀርለም ነበር። ከቺካጎ ተነሥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ያዘዘው ጆን ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በእኛ ዘመንም ቢሆን፣ ኖቬምበር 1988 በኦሪገን፣ በፖርትላንድ ከተማ ሙሉጌታ ሥራውን በቤዝቦል ዱላ ደብድበው የገደሉት ዘረኛ ወጣቶች ስለ አክሱምም ሆነ ስለ ላሊበላ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ቢያውቁም አያቆማቸውም ነበር። በኋላ ገዳዮቹን ያነሣሣውን ድርጅትና መሪውን በፍርድ ቤት አስጠይቆ በ1990 የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ ያስፈረደው ከጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል የወጣ የጠበቆች ተቋም ነው።

በ2020 ጸደይ፣ ወረርሽኙ ሁላችንን ቤት ባስቀመጠበት ወቅት፣ ቅጽ መሙላት ለሚቸግራቸው አረጋውያን በስልክ ከሚረዱ በጎ ፈቃደኞች አንዱ ነበርኩ። አንዲት እናት በፖስታ ከመጣላቸው ደብዳቤ ላይ አሥራ ሁለቱን የመለያ ቁጥሮች መነጽራቸውን እየጠረጉ አነበቡልኝና ጥያቄዎቹን በየተራ አለፍናቸው። ዘጠነኛው ጥያቄ፣ የዘሩ፣ ላይ ስንደርስ ዝም አሉ። ቀጥለው «ልጄ፣ ገበያ የምትወስደኝ ጎረቤቴ ምን ብላ ትሞላ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ጎረቤታቸው ጥቁር አሜሪካዊት እንደሆኑ ከቀደመ ጨዋታችን አውቅ ነበርና «ጥቁር ብለው ይሞላሉ፣ እማማ» አልኳቸው። «እንግዲያስ እኔንም እዚያው አድርገኝ፤ ግን አገሬን ጻፍልኝ» አሉ። ብዙ ስብሰባ ላይ ከሰማሁት ክርክር ይልቅ ይህ መልስ የተሟላ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የአዲሱ ቅጽ አሠራርም ከዚሁ የተለየ አይደለም።

ተቃራኒውን አስተያየት የያዙ ወገኖች የሚያነሡት ነገር ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። የእኛ ታሪክ ከባርነት የወጣ ሕዝብ ታሪክ አይደለም፤ ልጆቻችንም ባልኖሩበት ታሪክ ስም መናገር አይገባቸውም። ጥቁር አሜሪካውያንም በበኩላቸው ቅሬታ አላቸው፦ ለባሪያ ተወላጆች ታስቦ የተከፈተ የትምህርትና የሥራ ዕድል በስደተኛ ልጆች ተቆጥሮ ይሞላል፣ ቁጥሩ ሲታይ ችግሩ የተቃለለ ይመስላል ይላሉ። ቅሬታው ተገቢ ነው። የዝርዝር ሳጥኑ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ «አፍሪካ አሜሪካዊ» እና «ኢትዮጵያዊ» ለየብቻ ከተመዘገቡ ማን ምን እንዳገኘ፣ ማን ምን እንደጎደለው በግልጽ ይታያል። ስለዚህ በታማኝነት መሙላት ለእነሱም ሐቅ ነው። «ሌላ ዘር» የሚለውን መርጦ ሐበሻ ብሎ መጻፍ ግን እኛንም ከሠንጠረዡ ያሸሸናል፣ እነሱንም አይጠቅምም።

ሌላው ስስ ጉዳይ የአገር ቤት የብሔር ጉዳያችን ነው። ከሳጥኖቹ በታች ተጨማሪ ትውልድ የሚጻፍበት መስመር ይኖራል፤ ኦሮሞ፣ አማራ፣ ትግራይ፣ ጉራጌ፣ ሲዳማ ወይም ሌላ መጻፍ የሚፈልግ ሰው መብቱ ነው፣ ኢትዮጵያዊ የሚለውን ብቻ ምልክት አድርጎ መተውም እንዲሁ። ለማኅበራት አመራሮች የማቀርበው ልመና ይህን መስመር የምርጫ ዘመቻ እንዳታደርጉት ነው። አገር ቤት እየደማን ያለንበት ቁስል በቆጠራ ቅጽ አይድንም፤ አንዱ የሌላውን ቤተሰብ እየዞረ «ምን ብላችሁ ሞላችሁ» ማለት ከጀመረ ግን ብዙ ሰው ጭራሹን ሳይሞላ እንደሚቀር አያጠራጥርም። በየቤቱ የሚወሰን ነገር ነው፤ በየቤቱ ይቅር።

ስለ ፍርሃት ደግሞ እውነቱን መናገር ይሻላል። ብዙ ወገኖቻችን፣ በተለይ የጥገኝነት ጉዳያቸው ያላለቀ፣ የሰጡት መረጃ ለኢሚግሬሽን ይተላለፋል ብለው ይሰጋሉ። ሕጉ የግለሰብ መልስ ለማንም መሥሪያ ቤት እንዳይሰጥ ይከለክላል፣ የሚጥሰውንም ሠራተኛ እስከ አምስት ዓመት እስር ያስቀጣል፤ የግል መዝገቦቹ ለሕዝብ የሚከፈቱት ከ72 ዓመት በኋላ ነው። ይሁን እንጂ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮንግረስ ይህን ጥበቃ አንሥቶ፣ የቆጠራ ቢሮው የጃፓን ተወላጆች የሚኖሩባቸውን አካባቢዎች የሚያሳይ ሠንጠረዥ ለጦሩ ሰጥቷል፤ ወደ 120 ሺህ ሰዎችም ወደ ማጎሪያ ሠፈር ተወሰዱ። በ2000 የቢሮው ዳይሬክተር ኬኔት ፕረዊት ስለዚህ ድርጊት በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። ስለዚህ ወገኖቻችንን «ምንም አይደለም፣ ሙሉ» ብሎ መሸኘት በቂ አይደለም። ማኅበራት ከሕግ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ሕጉ በ2030 ዋዜማ ምን እንደሚል፣ ያኔ በሥራ ላይ ያለው አስተዳደርም ምን እያደረገ እንደሆነ አጣርተው መናገር አለባቸው። በ2020ው ቅጽ ላይ የዜግነት ጥያቄ ለመጨመር የተደረገውን ሙከራ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ያስቆመው ሰዎች ተደራጅተው ስለከሰሱ ነው።

መቆጠር የሚያመጣውን ነገር ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር በዓይናችን አይተናል። የከተማዋ የ2004 የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ተናጋሪዎቹ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ለሆኑ ቋንቋዎች ቅጾች እንዲተረጎሙ ስለሚያስገድድ፣ አማርኛ ከስፓኒሽና ከቻይንኛ ጎን ተሰልፏል። በፌዴራል ደረጃ ግን በመራጮች የቋንቋ እርዳታ ሕግ ውስጥ አማርኛ የለም፤ ሕጉ የሚሸፍነው የስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ እስያውያንን፣ የአሜሪካ ሕንዶችንና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ብቻ ነው። በየዓመቱ ወደ 3.5 ሚሊዮን አድራሻዎች የሚላከው የቆጠራ ቢሮው የአሜሪካ ማኅበረሰብ ጥናት ደግሞ በሚያወጣው ዋና የቋንቋ ሠንጠረዥ አማርኛን ከሶማልኛና ከሌሎች አፍሮ እስያዊ ቋንቋዎች ጋር ባንድ መስመር ጠቅልሎ ያቀርበዋል። ቁጥራችን አንድ ላይ ተደባልቆ እየወጣ ለአንድ ትምህርት ቤት «ለልጆቻችን የአማርኛ ተርጓሚ መድቡ» ብሎ በማስረጃ መጠየቅ አስቸጋሪ ነው።

ከእናንተ የምጠይቀው እንግዲህ የሚከተለውን ነው። ትምህርት ቤቶች ፊደልና መዝሙር ከማስተማር ጎን ይህን ታሪክ ለትላልቆቹ ልጆች በአማርኛ እንዲያስተምሩ፤ የ1850ውን የባሮች መዝገብ አንድ ገጽና የ1929ኙን የኮታ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አድርጎ ማሳየት ብቻውን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይሞላል። የዜግነት ፈተና የሚያስጠኑ ማኅበራትም ጥያቄዎቹን በቃል ከማስጠናት አልፈው በአገሪቱ የተወለደን ሰው ዜጋ የሚያደርገው አሥራ አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለምን እንደወጣ፣ ለማን እንደወጣ እንዲነግሩ። ሰበካ ጉባኤያትና የመስጊድ ኮሚቴዎች ከአሁኑ በየአካባቢያቸው ካሉ የጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናትና የሲቪል መብት ማኅበራት ጋር ስለ ቆጠራው በጋራ መነጋገር ቢጀምሩ፣ ብዙዎቹ ሲሠሩበት የኖሩት ጉዳይ ስለሆነ እኛ ከዜሮ አንጀምርም።

ለቆጠራ ቢሮውም ራሱ የምናቀርበው ጥያቄ አለ። በ2020 በኢንተርኔትና በስልክ መመለስ የተቻለው ከእንግሊዝኛ ሌላ በአሥራ ሁለት ቋንቋዎች ሲሆን አማርኛ በዚያ ውስጥ አልነበረም፤ ለአማርኛ የተዘጋጀው ቅጹን እንዴት መሙላት እንደሚቻል የሚያስረዳ መመሪያ ብቻ ነበር። የአረጋውያኑ ስልክ ወደ እኛ ይደወል የነበረውም ለዚህ ነው። የ2030ው የቋንቋ ዝርዝር ከመወሰኑ በፊት አማርኛ፣ እንዲሁም ኦሮምኛና ትግርኛ፣ በቀጥታ መመለሻ ቋንቋነት እንዲካተቱ፣ የጥናቱም ሠንጠረዥ ለየብቻ እንዲያወጣቸው የሚጠይቅ አንድ የጋራ ደብዳቤ በማኅበራቱ ስም ቢጻፍ መልካም ነው። የቆጠራው ቀን ኤፕሪል 1 ቀን 2030 ነው። ጉዳዩን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ አጀንዳ ላይ እንድታስይዙና የጋራ ደብዳቤውን የሚያረቅቅ ከየማኅበሩ አንድ አንድ ሰው እንድትወክሉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር የቅዳሜ አማርኛ መምህር